ጥናት በጽሑፍ ይጸናል፦ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከኮሎምበስ የተቀዳ ትምህርት

በኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ በኮሎምበስ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከእነርሱም መካከል በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪያቸውን የሚከታተሉ አሉ። እነዚህ ተማሪዎች በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በባሕር ዳር ካሉት ጓደኞቻቸው ጋር የሚጋሩት አንድ ፈተና አለ። ትምህርቱ ተጠናቅቋል፤ ሙከራው ተሠርቷል፤ መረጃውም ተሰብስቧል። «የቀረኝ መጻፍ ብቻ ነው» ይላሉ። «ብቻ» የተባለው ሥራ ግን ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይወስዳል። በመካከሉ የትምህርት ክፍያው፣ የቪዛው ጊዜና የቤተሰቡ ተስፋ ተደራርበው ተማሪውን ያስጨንቁታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የምርምር አጻጻፍ እንዴት እንደሚዳብር በተግባር ማሳየት ነው። መነሻ ሐሳቡም እንዲህ በአጭሩ ሊቀመጥ ይችላል፦ ጽሑፍ ከምርምሩ በኋላ የሚመጣ ጅራት አይደለም፤ የምርምሩ አካል ነው። የሚዳብረውም ቀደም ብሎ በመጀመር፣ ከትንሹ በመነሣትና ለሌላ ሰው ዓይን ደጋግሞ በማቅረብ ነው።

አኅጽሮትን ሙያ ያደረገች ከተማ

ኮሎምበስ ለዚህ ርእስ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1907 «ኬሚካል አብስትራክትስ» የተባለውን መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ሥራው በዓለም ላይ የሚታተሙ የኬሚስትሪ ጥናቶችን እያነበቡ የእያንዳንዱን ፍሬ ነገር በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ማስቀመጥ ነበር። መጽሔቱ በ1909 ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ ድርጅቱም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከኮሎምበስ አልወጣም። በ1965 በኦሌንታንጂ ወንዝ መንገድ ወደሚገኘው የራሱ ሕንጻ ገባ።

በ1960ዎቹ በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ ከ3 ሺህ በላይ የኬሚስትሪ ባለሙያዎች ጥናቶችን እያነበቡ አኅጽሮት ይልኩለት ነበር። ዛሬ ሥራው በኮምፒውተር ይካሄዳል፤ የወረቀቱ እትምም በ2010 መጀመሪያ ላይ ቆሟል። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ልምድ ግን ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። አንድ ሰው አንድን ጥናት በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች መግለጽ ካልቻለ፣ ወይ ጥናቱ ገና አልበሰለም ወይም እርሱ ገና አልገባውም ማለት ነው። አኅጽሮተ ጥናት ለሥርዓት ሲባል በመጨረሻ የሚለጠፍ ገጽ ሳይሆን የግንዛቤ መለኪያ ነው።

እንዶድና አንድ አጭር ሪፖርት

ጽሑፍ ምን ያህል እንደሚመዝን ከእኛው የሳይንስ ታሪክ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ በአድዋ አካባቢ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ያጠኑ ነበር። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወራጅ ውኃ ውስጥ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተዋሉ። እንዶድ ለእናቶቻችን አዲስ ነገር አልነበረም፤ ለብዙ ትውልድ ሳሙናቸው ሆኖ ኖሯል። አዲሱ ነገር የተክሉን ኃይል ከበሽታው መተላለፊያ ጋር አገናኝቶ የሚያይ ዓይን፣ ያንንም በጽሑፍ የሚያሰፍር እጅ መገኘቱ ነው።

አክሊሉ ያዩትን በሙከራ ፈትሸው በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። መጽሔቱ ራሱ የተመሠረተው በ1962 ስለነበር ገና ለጋ ነበር። ጽሑፉም «የመጀመሪያ ሪፖርት» ተብሎ የቀረበ አጭር ሥራ እንጂ ሁሉንም ነገር የጨረሰ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አልነበረም። ሆኖም ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳየ ለዘለቄታው መዘገበ። ከዚያ በኋላ የመጡት ሥራዎች ሁሉ የቆሙት በዚያ መዝገብ ላይ ነው። አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 «የአማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ታሪኩ ወደ ኦሃዮም ይደርሳል። ከኮሎምበስ በስተሰሜን፣ በኤሪ ሐይቅ ዳርቻ የቶሌዶ ከተማ አለች። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዜብራ የሚባሉ ባለ ዛጎል የውኃ እንስሳት በታላላቅ ሐይቆች ተራብተው የውኃ ቧንቧዎችን መድፈን ጀመሩ። በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከአክሊሉ ጋር ሆነው እንዶድን በእነዚህ እንስሳት ላይ ሞከሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1993 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ይህ ፓተንት የአድዋ እናቶች ዕውቀት የማን ነው የሚል ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ክርክሩ ሰፊ ነው፤ ለርእሳችን የሚበቃን ግን ይህ ነው፦ በክርክሩ ውስጥ ኢትዮጵያ የምትጠቅሰው ማስረጃ ሊኖራት የቻለው አንድ ኢትዮጵያዊ ያየውን በጊዜው በጽሑፍ ስላኖረ ነው። አባቶች «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ፤ በምርምር ዓለም ደግሞ ካልጻፉ ግኝቱ ራሱ ይቀራል።

ከትንሹ መጀመር፦ አምስቱ ዓረፍተ ነገሮች

እንግዲህ ከየት ይጀመር? ከአምስት ዓረፍተ ነገር። የመጀመሪያው ችግሩን፣ ሁለተኛው ያልታወቀውን፣ ሦስተኛው ዘዴውን፣ አራተኛው ግኝቱን፣ አምስተኛው የግኝቱን ትርጉም ይናገራል። ለልምምድ እንዲሆነን አንድ የምናብ ጥናት እናስብ። አንዲት የውኃ ምህንድስና ተማሪ በስምጥ ሸለቆ በቤት ውስጥ ስለሚሠራ የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ታጠናለች እንበል።

አንደኛ፦ «በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ በርካታ የጉድጓድ ውኃዎች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር የ1.5 ሚሊግራም ወሰን በላይ ፍሎራይድ ይዘዋል።» ሁለተኛ፦ «የአጥንት ከሰል ፍሎራይድን እንደሚቀንስ ቢታወቅም፣ በጥናቱ አካባቢ በሚገኙ ቤቶች በየዕለቱ ሲሠራበት አቅሙ መቼ እንደሚዳከም አልተለካም።» ሦስተኛ፦ «በዚህ ጥናት በ… ቤቶች ከተተከሉ ማጣሪያዎች ለ… ወራት በየሳምንቱ ናሙና ወስደን የፍሎራይዱን መጠን ለካን።» አራተኛ፦ «ከ… ሊትር በኋላ የተጣራው ውኃ ከወሰኑ አለፈ።» አምስተኛ፦ «ስለዚህ ከሰሉ የሚለወጥበት ጊዜ በወራት ሳይሆን በተጣራው ውኃ መጠን ሊወሰን ይገባል።»

ተማሪዋ ይህን የምትጽፈው ሙከራውን ከመጀመሯ በፊት ነው። ነጥቦቹ የቆሙበት ባዶ ቦታ የሚሞላው ከላቦራቶሪው በሚመጣ ቁጥር ነው። አራተኛውና አምስተኛው ዓረፍተ ነገር ለጊዜው ግምት እንጂ ግኝት አይደሉም፤ መረጃው ሌላ ቢናገር ይለወጣሉ፤ መለወጥም አለባቸው። ጥቅማቸው ግን ትልቅ ነው። ባዶ ቦታው ራሱ የሥራ ዝርዝር ይሆናል። «ከስንት ሊትር በኋላ» ብላ የጻፈች ተማሪ በየቤቱ የሚጣራውን ውኃ መጠን መመዝገብ እንዳለባት በመጀመሪያው ሳምንት ትገነዘባለች። ሳትጽፍ የጀመረች ግን ወራቱን ብቻ ቆጥራ ሊትሩን ሳትመዘግብ ልትቀር ትችላለች፤ ያንን ጉድለት ደግሞ በኋላ የሚጻፍ ያማረ ቋንቋ አይሸፍነውም።

የመግቢያው ሦስት እርምጃዎች

ተማሪዎችን እጅግ የሚያስቸግረው ክፍል መግቢያው ነው። ብዙዎች «ውኃ ለሰው ልጅ ሕይወት እጅግ አስፈላጊ ነው» በሚል ማንም በማይክደው ዓረፍተ ነገር ይጀምራሉ። ማንም የማይክደው ነገር ግን ማንንም ወደ ጥናቱ አያስገባም።

በዚህ ረገድ የታወቀው ትንታኔ የቋንቋ ምሁሩ ጆን ስዌልስ ያቀረቡት ነው። ስዌልስ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ በኋላም በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ሠርተዋል። በልዩ ልዩ መስኮች የታተሙ ጥናቶችን መግቢያ መርምረው በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ መግቢያዎቹ በሦስት እርምጃ እንደሚሄዱ አሳዩ። የመጀመሪያው እርምጃ መስኩን ማሳየት ነው፤ ስለ ጉዳዩ እስካሁን ምን ይታወቃል? ሁለተኛው ክፍተቱን መለየት ነው፤ ያልታወቀው፣ የሚያከራክረው ወይም ያልተሞከረው ምንድን ነው? ሦስተኛው ክፍተቱን መሙላት ነው፤ ይህ ጥናት ከዚያ ውስጥ የትኛውን ይሠራል?

ለእኛ ተማሪዎች ከሦስቱ ሁለተኛው ይከብዳል። ታላላቆችን ማክበር የባህላችን ምሰሶ ነውና፣ የቀደሙ ሊቃውንት ያላዩት ነገር አለ ብሎ መጻፍ ድፍረት ሆኖ ይሰማል። ስለዚህም ክለሳ ድርሳኑ የስም ዝርዝር ይሆናል፦ እገሌ ይህን አለ፤ እገሊት ያን አለች፤ ሌላውም ይህን ጨመረ። አንባቢው ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ «ታዲያ ምን ይሁን?» ብሎ ይጠይቃል።

ክፍተትን መለየት ግን የቀደመውን ማዋረድ አይደለም። «የቀደሙት ጥናቶች የተካሄዱት በላቦራቶሪ ነው፤ በቤት ውስጥ የሚፈጠረውን አጠቃቀም ለማየት አላቀዱም» ብሎ መጻፍ አክብሮትንና እውነትን አብሮ ይይዛል። ሥራቸው የት እንደደረሰ በትክክል መናገር ከባዶ ሙገሳ የበለጠ ክብር ነው። ለልምምድ የሚጠቅመው መንገድ ክለሳውን በሰው ስም ሳይሆን በጥያቄ መከፋፈል ነው። «የከሰሉ አቅም በምን ይወሰናል?» በሚለው ጥያቄ ሥር የሚስማሙትንና የማይስማሙትን ጥናቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተማሪ ክፍተቱን ሳይፈልገው ያገኘዋል።

እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ጥያቄ አለው

የሳይንስ ጥናት በተለምዶ መግቢያ፣ ዘዴ፣ ግኝትና ውይይት በሚባሉ አራት ክፍሎች ይደራጃል። ይህ አደረጃጀት በሃያኛው ክፍለ ዘመን እየተስፋፋ መጥቶ በተለይ በሕክምና መጽሔቶች ዘንድ መደበኛ ሆኗል። አራቱ ክፍሎች አራት ጥያቄዎችን ይመልሳሉ። መግቢያው «ለምን ተጠና?» ይላል። ዘዴው «እንዴት ተጠና?» ይላል። ግኝቱ «ምን ተገኘ?» ይላል። ውይይቱ «የተገኘው ምን ማለት ነው?» ይላል።

ይሁንና በዚህ ቅደም ተከተል መጻፍ ግዴታ አይደለም። ለአብዛኛው ተማሪ የሚቀናው በዘዴው መጀመር ነው፤ የሠራውን ሥራ ከማንም በላይ ያውቀዋልና። የዘዴው ክፍል መመዘኛ አንድ ነው፦ በሌላ አገር ያለ ባለሙያ ይህን አንብቦ ሙከራውን ሊደግመው ይችላል ወይ? ናሙናው በምን ዕቃ ተቀመጠ? መሣሪያው መቼ ተስተካከለ? እንዲህ ያለው ዝርዝር ከአእምሮ ቶሎ ስለሚጠፋ በሥራው ቀን ማታ መጻፍ አለበት።

ቀጥሎ ሠንጠረዦችና ሥዕላዊ መግለጫዎች ይዘጋጃሉ፤ የግኝቱ ክፍል በእነርሱ ዙሪያ ይጻፋል። እዚህ ላይ ሠንጠረዡ የያዘውን ቁጥር ሁሉ በቃላት መድገም አያስፈልግም። ጸሐፊው አንባቢው እንዲያየው የሚፈልገውን ነጥብ ያመለክታል፤ ቀሪውን ሠንጠረዡ ይናገራል። በውይይቱ ውስጥ ደግሞ ግኝቱ ከቀደሙት ጋር ይነጻጸራል፤ የጥናቱ ውስንነትም ሳይሸፈን ይገለጻል። መግቢያው ከዚህ በኋላ ይስተካከላል። አኅጽሮቱ በመጀመሪያው ቀን ተወልዶ በመጨረሻው ቀን ይታረማል።

ሰሙን ትቶ ወርቁን ማስቀደም

በአማርኛ ያደገ ሰው በእንግሊዝኛ ሲጽፍ የሚገጥመው ችግር ሰዋስው ብቻ አይደለም። አማርኛ ግሡን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያስቀምጣል፤ «ሲሆን»፣ «በመሆኑም»፣ «ከዚህም የተነሣ» እያለ ሐሳብን ከሐሳብ እያያያዘ ረጅም መንገድ ይጓዛል። አንባቢውም እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ይጠብቃል። የእንግሊዝኛ የምርምር ጽሑፍ ግን ባለቤቱንና ግሡን በፊት ለፊት ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት ከአማርኛ በቀጥታ የተሻገረ ዓረፍተ ነገር አንባቢውን ያደክማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ሐሳብ ብቻ ይያዝ፤ የአንቀጹም ዋና ነጥብ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይቀመጥ።

ከዚህ በላይ የጠለቀው ልዩነት በሰምና ወርቅ ይገለጻል። የሥነ ጽሑፍ ባህላችን ወርቁን በሰሙ ውስጥ የሚሰውረውን ያደንቃል፤ አድማጩ ፈልጎ ሲያገኘው ይደሰታል። የምርምር ጽሑፍ ወርቁን በአደባባይ እንዲያስቀምጡት ይጠይቃል። አንባቢው ግኝቱን ፈልጎ ለማግኘት ከተገደደ ጥፋቱ የአንባቢው ሳይሆን የጸሐፊው ነው። ሁለቱ ጥበቦች አይጣሉም፤ የሚኖሩት በተለያየ ቤት ነው።

የመመጠን ጥበብም አለ። «ያረጋግጣል»፣ «ያመለክታል»፣ «ሊሆን ይችላል» የሚሉት ሦስት ቃላት ሦስት የማስረጃ ደረጃዎች ናቸው። ከአሥር ቤቶች የተገኘ ውጤት ለመላው ስምጥ ሸለቆ «ያረጋግጣል» አይባልም። ቃሉን ከማስረጃው ጋር ማመጣጠን የጸሐፊውን ተዓማኒነት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ከሌላ ሰው ዓይን ፊት

በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎችም ሆነ ለመምህራን ያለ ክፍያ የሚያገለግል የጽሑፍ ማዕከል አለ። እንዲህ ያሉ ማዕከላት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተለመዱ ናቸው። አዲስ መጪ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ማዕከሉን የቋንቋ ጥገና ቤት አድርገው ያስቡታል፤ ጽሑፋቸውን አስረክበው ታርሞ እንዲመለስላቸው ይጠብቃሉ። አሠራሩ ግን ሌላ ነው። አማካሪው ከተማሪው ጋር ተቀምጦ ይጠይቃል፦ «እዚህ ምን ለማለት ፈልገህ ነው? ይህ አንቀጽ ከቀደመው ጋር በምን ይገናኛል?» ተማሪው በቃል ሲመልስ ብዙ ጊዜ ከጻፈው የተሻለ ይናገራል። አማካሪውም «እንግዲህ እርሱኑ ጻፈው» ይለዋል።

ይህ ልማድ ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም አድምጦ ያርመዋል። የሚጀምረውም በባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ነው፤ ከዚያ ደረጃ በደረጃ እያደገ እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ማንም ተማሪ በመጀመሪያው ወር መወድስ እንዲቆጥር አይጠበቅም፤ ማንም ተማሪ ደግሞ ለዓመታት ብቻውን ቆጥሮ አንድ ቀን ሁሉንም ይዞ አይቀርብም። በዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ግን ይህን ዘንግተን ተማሪው 200 ገጽ በአንድ ጊዜ እንዲያቀርብ እንጠብቃለን። አምስቱ ዓረፍተ ነገሮች የምርምር ጉባኤ ቃና ናቸው፤ ዲዘርቴሽኑ መወድሱ ነው።

የጽሑፍ ማዕከል በሌለበት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ራሳቸው ማዕከል ሊፈጥሩ ይችላሉ። አራት ወይም አምስት ሆነው በሳምንት አንድ ቀን ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ጽሑፍ ያመጣል። ጸሐፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሌሎቹ ሦስት ነገር ብቻ ይነግሩታል፦ የገባቸውን ዋና ሐሳብ፣ ግራ የተጋቡበትን ቦታ፣ ማስረጃ የጎደለበትን ነጥብ። ጸሐፊው በዚያ ሰዓት አይከራከርም፤ ይመዘግባል። የቡድኑ አባላት ከተለያየ የትምህርት ዘርፍ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ሙያውን የማያውቅ አንባቢ የተዘለለውን እርምጃ ፈጥኖ ያያልና። ኮሎምበስ ያለው ተማሪ በኢንተርኔት ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ጓደኞቹ ጋር አንድ ቡድን መሥራት ይችላል፤ የሰዓቱን ልዩነት ማስታወስ ብቻ ይበቃል።

መንገዱም ተጠርጓል። ኦሃዮ ስቴት ከአዲስ አበባና ከጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና በአንድ ላይ በሚመለከት መስክ ለዓመታት አብሮ ሠርቷል፤ ይህን ትብብር ከመሩት መካከል ትውልደ ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ወንድወሰን ገብረየስ ይገኙበታል። እንደ እብድ ውሻ በሽታ ያሉ ጉዳዮች በዚህ ትብብር ተጠንተዋል። ውቅያኖስ ተሻግሮ መረጃ መጋራት ከተቻለ ረቂቅ መጋራትም ይቻላል።

አማካሪው ምን ያድርግ?

ሸክሙን ሁሉ በተማሪው ላይ መጫን ተገቢ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ወደ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፍቷል። አንድ አማካሪ ብዙ ተማሪዎችን ሲይዝ ረቂቅ ለማንበብ ጊዜ ያጣል። ባለው ጊዜም ቢሆን ጥቅም የሚሰጥ አስተያየት መስጠት ይቻላል።

በመጀመሪያ ረቂቅ ላይ ፊደልና ነጠላ ሰረዝ ማረም የጊዜ ብክነት ነው፤ የታረመው አንቀጽ ነገ ሊሰረዝ ይችላልና። በመጀመሪያው ንባብ ጥያቄውና ማስረጃው ይታይ፤ በሁለተኛው አደረጃጀቱ፤ በሦስተኛው ቋንቋው። «ግልጽ አይደለም» ከሚል አስተያየት ይልቅ «ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» የሚለው ጥያቄ ተማሪውን ያራምዳል። እያንዳንዱ ውይይት ሲያበቃም ተማሪው የተስማሙበትን በአምስት መስመር ጽፎ ለአማካሪው ቢልክ ወራትን የሚያባክን አለመግባባት ይቀራል።

ሁለት ወጥመዶች

የመጀመሪያው ወጥመድ አታላይ መጽሔቶች ናቸው። ክፍያ ተቀብለው ያለ እውነተኛ የአቻ ግምገማ በጥቂት ቀናት ውስጥ «ተቀብለነዋል» የሚሉ አሳታሚዎች፣ ለመመረቅ ወይም ለማደግ የቸኮለውን ሰው ያጠምዳሉ። ጽሑፍ ከመላኩ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ፦ የአርታዒያኑ ቦርድ አባላት በእውነት በተባለው ተቋም ይሠራሉ? ክፍያው አስቀድሞ በግልጽ ተነግሯል? አማካሪዬና ባልደረቦቼ ከዚህ መጽሔት ጽሑፍ አንብበው ያውቃሉ? በታወቁ የጥናት ማውጫዎች ውስጥ ይገኛል? ለሁለቱ የመጨረሻ ጥያቄዎች መልሱ «አይደለም» ከሆነ መቆም ይበጃል።

ሁለተኛው ወጥመድ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ የጽሑፍ መሣሪያዎች ናቸው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ለሆነ ተማሪ ሰዋስው ለማቃናት ይረዳሉ። ነገር ግን የሌለ መጽሐፍና ያልተጻፈ ጥናት በዋቢነት ፈጥረው ሊያቀርቡ ይችላሉ፤ ለተሳሳተው ነገርም ተጠያቂ አይሆኑም። እንደ ኔቸርና ሳይንስ ያሉ መጽሔቶች በ2023 እነዚህ መሣሪያዎች እንደ ደራሲ ሊመዘገቡ እንደማይችሉ አስታውቀዋል። ስለዚህ ተማሪው የዩኒቨርሲቲውን ደንብ ይወቅ፤ የተጠቀመበትንም ይግለጽ፤ ያላነበበውን ጽሑፍ በዋቢነት አይጥቀስ። ከሁሉ በላይ ግን የመጀመሪያውን ረቂቅ ራሱ ይጻፍ፤ መጻፍ ማሰብ ነውና፣ ማሰቡን ለሌላ የሰጠ ሰው በመመረቂያው ቀን ከገምጋሚዎች ፊት ባዶ እጁን ይቆማል።

የስድስት ሳምንት መርሐ ግብር

ከላይ የተባለውን ወደ ተግባር ለመለወጥ የሚከተለው መርሐ ግብር ይረዳል። በመጀመሪያው ሳምንት አምስቱ ዓረፍተ ነገሮች ይጻፉ፤ ባዶ ቦታዎቹም ይቆጠሩ። በሁለተኛው ሳምንት በመስኩ በደንብ የተጻፉ ሦስት ጥናቶች ተመርጠው ሦስቱ የመግቢያ እርምጃዎች በእያንዳንዳቸው ላይ በቀለም ይለዩ። በሦስተኛው ሳምንት የዘዴው ክፍል ይጻፍ። በአራተኛው ሳምንት አንድ ሠንጠረዥና ስለ እርሱ የሚናገር አንድ ገጽ ይዘጋጅ፤ መረጃው ገና ካልተሰበሰበ ሠንጠረዡ ባዶውን ይሠራ። በአምስተኛው ሳምንት ክለሳው በጥያቄዎች ተከፋፍሎ መግቢያው ይረቀቅ። በስድስተኛው ሳምንት ሁሉም ለቡድኑ ይነበብና አምስቱ ዓረፍተ ነገሮች እንደገና ይጻፉ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አኅጽሮት ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተማሪ እድገቱን በዓይኑ ያያል።

በየዕለቱ የሚመደበው ጊዜ ብዙ መሆን የለበትም። በሳምንት መጨረሻ ከሚደረግ የአሥር ሰዓት ዘመቻ ይልቅ በየማለዳው የሚጻፍ ግማሽ ሰዓት ይሻላል። ቀን የሚሠራና ማታ የሚማር፣ ልጆች የሚያሳድግ ወይም ቤተሰብ የሚረዳ የዲያስፖራ ተማሪም ግማሽ ሰዓት ማግኘት ይችላል።

በኦሃዮ የሚመረቁ ተማሪዎች ዲዘርቴሽን የግዛቲቱ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኅብረት በሆነው በኦሃዮሊንክ በኩል በኢንተርኔት ለዓለም ይቀርባል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የተማሪዎቹን የመመረቂያ ጽሑፎች የሚያኖርበት ኤሌክትሮኒክ ማኅደር አለው። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚጻፈው ገጽ ነገ በሌላ አህጉር ይነበባል። ምናልባት የሚያነበው ከዓመታት በኋላ በዚያው መንደር ውኃ የሚቆፍር መሐንዲስ፣ ወይም በዚያው ወንዝ ዳር በሽታ የሚከላከል የጤና ባለሙያ ይሆናል። ያ ሰው ጥናቱን ያካሄደውን ተማሪ አግኝቶ መጠየቅ አይችልም፤ በእጁ ያለው ጽሑፉ ብቻ ነው። የምርምር ጽሑፍ በግልጽ መጻፍ ያለበት ለዚህ አንባቢ ሲባል ነው።